የመጀመሪያዋ ቁራጭ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጀርባውን ለዳሞታ ተራራ ሰጥቶ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እያየሁ አደግሁ። ልጅ ሳለሁ የሚመጣለት ጨርቅ ብዙ ዓይነት ነበር፤ የሙሽራ ሱፍ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ጊዜ ግን ጥቁር ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ መንገርም አላስፈለገም። ከእጁና ከክንዱ የሚረግፈው ነጭ ቅርፊት ጥቁር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ነጭና ክሬም ላይ አይታይም። ስለዚህ ሰው ነጩን ለእሱ፣ ጥቁሩን ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰፊ መስጠት ለመደ።

በሽታው በክርኑ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ቀይ ነገር ወጣ፤ ላዩ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቆ የሚፈረፈር። ቀጥሎ ጉልበቱ፣ የራስ ቆዳው፣ በመጨረሻ እጁ። ጎረቤት ጭርት ነው አለ። እናቴ ቅቤም ቅባትም ቀባችው፤ ፍል ውሃም ደርሶ መጣ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላችን የተቀመጡ ሴቶች «ለምጽ» የሚለውን ቃል በሹክሹክታ ሲያነሱ ሰማሁ። አባቴም መስማቱን ከአንገቱ አወቅሁ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ራሱን አላንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ሰላምታው ተለወጠ። እኛ ዘንድ እጁ የረጠበ ወይም የቆሸሸ ሰው ጡጫውን ጨብጦ የእጁን አንጓ ይዘረጋል፤ ሰላም የሚለውም አንጓውን ይይዝለታል። አባቴ ይህን የሁልጊዜ ሰላምታው አደረገው። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ልክ አሁን ከጭቃ ያወጣው ይመስል አንጓውን ይሰጥ ነበር። ሰዎች ከማመንታታቸው በፊት እሱ ይቀድማቸዋል።

ከልብሱ ይልቅ ያሳዘነው ግን የቢላዋው ነገር ነበር። የሰፈራችን ወንዶች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አንድ በሬ ያርዳሉ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሥጋውን የሚቆርጠውና የሚመድበው አባቴ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ዓይኑ ሚዛን ነው። እንሰት ቅጠል ላይ የሚደረድራቸው መደቦች ከሽንጡም ከጎድኑም ከሻኛውም እኩል ስለሚደርሳቸው ዕጣ ማውጣቱ ለወግ ያህል ነበር። በሌላ ሰፈር ይኑር አይኑር የማላውቀው አንድ ልማድም ነበራቸው። ማንም ሥጋ ከማንሳቱ በፊት ቆራጩ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የበርበሬ ድልህ፣ አስነክቶ በጥሬው ይበላታል። ሁሉም ቆሞ ያየዋል። ይህን ሥጋ የነካው እጄ ንጹሕ ነው፣ ብሉ እንደማለት ነው። እሱ ሲውጥ ጫጫታው ይጀምራል።

እጁ ከተበላሸ በኋላ በአንዱ ጊፋታ «ዘንድሮ አንተ አረፍ በል፤ ልጆቹ ይልመዱ» አሉት። በትሕትና ነው ያሉት። ድርሻው ከማንም ሳያንስ ቤት ድረስ መጣለት። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ማረጃው ግቢ አልሄደም። ቢላዋውን በአሮጌ ገበር ጨርቅ ጠቅልሎ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

እኔ ባዮሎጂ ተምሬ ተመረቅሁ። አሁን በአንድ የግል ኮሌጅ የላቦራቶሪ ዕቃ አዘጋጃለሁ፤ ብዙ መናገር የማይጠይቅ ሥራ በመሆኑ ተስማምቶኛል። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲኖረኝ ጽፌ አጠገቤ ለተቀመጠው ተማሪ የምሰጥ ልጅ ነበርኩ። አባቴን ሆስፒታል እንሂድ ለማለትም ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ ስለው ወዲያው «እሺ» አለ። ለካስ እንሂድ የሚለው ሰው ነበር ሲጠብቅ የኖረው።

የቆዳ ሐኪሟ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። ክርኑን አየች፤ ጥፍሮቹን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ጓንት ሳታደርግ መዳፉን ያዘችው።

«አባቴ፣ ይህ ሶሪያሲስ ይባላል። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም» አለችው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» ሲል በወላይታቶ ጠየቀኝ። አማርኛው ጠፍቶት አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሊሰማው ፈልጎ ነው።

«አይተላለፍም አለች» አልኩት።

ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን አዘዘችለት። «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወስዱት። በየቀኑ ከወሰዱት አደገኛ ነው። ደምዎንና ጉበትዎን በየጊዜው እያየን ነው የምንቀጥለው። አልኮል አይጠጡም አይደል?»

«እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እኮ ነኝ!»

«ይቅርታ አባቴ። ጥሬ ሥጋስ?»

«እሱ እንኳ በቤተ ክርስቲያንም አልተከለከለም» አላት።

ሐኪሟ ሳቀች። «እሱን እኔ ነኝ የምከለክልዎ። መድኃኒቱ የሰውነትዎን መከላከያ ዝቅ ያደርገዋል። ሌላው ሰው የማይሰማው የሥጋ ጀርም እርስዎን አልጋ ላይ ሊያውልዎ ይችላል። አብስለው ይብሉ።»

በባጃጅ ስንመለስ ስለ ክኒኑም ስለ ሥጋውም አላነሳም። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ «ጓንት አላደረገችም» አለ።

ክኒኑን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይወስድ ጀመር። ሰኞ ያቅለሸልሸውና ምሳውን ይተዋል። ዓይኑ ስለደከመ ከሥራ ስመለስ መርፌዎቹን ክር የማስገባለት እኔ ነኝ፤ በአንዱ ሰኞ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ክር ሳስገባ «ይህ ነገር ሆዴ ገብቶ እጄን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ተማርኩት ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። እርግጠኛ የሆንኩበትን ብቻ ለመናገር ወሰንኩ።

ከቆዳችን ሥር የሚዘዋወሩ የመከላከያ ሴሎች አሉ፤ እንደ ዘበኛ ናቸው አልኩት። ጠላት ሲገባ አንዱ ለሌላው መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሳይቶካይን የሚባል ጥቃቅን ፕሮቲን ነው፤ ከአንዱ ሴል ይወጣል፣ የሌላውን ሴል በር ያንኳኳል፣ ያም ተነስቶ ለሚቀጥለው ይልካል። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ላይ ጠላት ሳይመጣ መልእክቱ ይጀመራል። ተቀባዩ መልሶ ላኪውን ይቀሰቅሰዋል፤ ዙሩ አይቆምም። የቆዳ ሴሎች መልእክቱ ሲደርሳቸው የቆሰሉ መስሏቸው ለመጠገን ይጣደፋሉ። ተራውን ጠብቆ በወር ገደማ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ቆዳ በጥቂት ቀናት ሳይበስል ይወጣል፤ ይደራረባል፤ ይረግፋል።

አባቴ እግሩን ከመርገጫው አንስቶ አሰበ። «እንግዲያው መኪናው አልተበላሸም» አለ። «እግሩ ነው መርገጡን አልተው ያለው።»

«አዎ! መኪናው ጤነኛ ነው።»

«መድኃኒቱስ ምን ያደርጋል?»

«እግሩን ያረጋጋዋል። በብዛት ሲሰጥ ለካንሰር ነው፤ የሴሎችን መባዛት ያቆማል። በሳምንት አንዴ በትንሹ ሲሰጥ ግን ሥራው በአብዛኛው ሌላ ነው። አዴኖሲን የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው የሚያረጋጋ ነገር አለ፤ እሱ ከሴሎቹ ውጭ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ያኔ ዘበኞቹ መልእክት መላካቸውን ይቀንሳሉ። ሁሉም ነገር ግን ገና ተጣርቶ አልታወቀም።»

«እውነተኛ ሌባ ሲመጣስ ማን ይጮሃል?»

«ለዚያ ነው ጥሬ ሥጋ የተከለከልከው።»

ሳቀ። «በሬውን ሌባ አደረጋችሁታ!»

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ይጠይቀኝ ነበር። ዘበኞቹ የት ነው የሚወለዱት? መልእክቱን ማን ያነበዋል? ሐኪሞቹ ጉበቴ ውስጥ ምን ይፈልጋሉ? የማላውቀውን ሲጠይቀኝ ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነብና በማግሥቱ እነግረዋለሁ። ቤተሰብ ውስጥ «ተማረች፣ ግን አፍ የላትም» የምባል ነበርኩ። በዚያ በረንዳ ላይ ግን አፍ ነበረኝ። ጥሩ ተማሪ የነበረው እሱ ነው፤ የነገርኩትን ሁሉ ወደ ስፌት ለውጦ ይይዘዋል፤ አይረሳም።

እጁ እየጠራ ሄደ። ቅርፊቱ መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ከሥሩ የቀረው ቀይ ምልክትም እየደበዘዘ ቆዳው ውስጥ ገባ። መዳፉ እንደ ሕፃን መዳፍ ለሰለሰ። የበልጉ ዝናብ ባባራበት ሰሞን አንድ ሙሽራ ጥቁር ሱፍ ይዞ መጣ። አባቴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጠመኔ ከማስመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ እጁን ላዩ ላይ እያስኬደ ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳና ጨርቁን ዝቅ ብሎ አየው። ምንም አልነበረም።

የቅርጫ ማኅበሩ ሰብሳቢ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፤ ዛሬም ሞተር እየጮኸበት ያለ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«አንተ! እጅህን አሳየኝ እስቲ!»

አባቴ ከልማዱ አንጓውን ዘረጋ። ሰውየው ጡጫውን በግድ ፈልቅቆ መዳፉን በመዳፉ ጨበጠው፤ ጨብጦም አልለቀቀውም።

«ይሄ የሙሽራ እጅ ነው እንጂ የሽማግሌ እጅ ነው? ዘንድሮ ቢላዋህን ሞርደህ ጠብቀኝ።»

«ልጁስ? እሱ ለምዶት የለ» አለ አባቴ። እሱ ከተወ ወዲህ የሚቆርጠውን ወጣት ማለቱ ነው።

«ልጁማ ገና ይማራል! አምና የደረሰኝን መደብ ሚስቴ አይታ፣ ‹ከበሬው ነው ወይስ ከአጥሩ የቆረጣችሁት?› አለችኝ። አንተ ስትመጣ ነው ጊፋታ ጊፋታ የሚሆነው። አንተ ቀምሰህ፣ እኛ ተከትለን። እንደ ድሮው።»

አባቴ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ መርፌው አጎነበስኩ። «ጋሼ፣ ጥሬ ሥጋ ተከልክሏል» ማለት ለእኔ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጣልቃ መግባት ይሆንብኛል፤ ደግሞም የአባቴ ጉዳይ ስለሆነ ራሱ ይናገር ብዬ አሰብኩ። እሱም «እሺ፣ ጌታ ካለ» ብቻ አለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ የሙሽራውን ሱፍ ቀጠለ፤ እንደዚያን ቀን አሳምሮ ሲሰፋ አይቼው አላውቅም። መሳቢያውን ከፍቶ ጥቅሉን አወጣና ቢላዋውን አይቶ መልሶ ጠቀለለው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠየቀኝ። ሰማዩ ዳሞታ ላይ ጠቁሮ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እያዞረ፣ ቀና ሳይል፣ «አንድ ሰው ይህን መድኃኒት ቢያቆም ዘበኛው ወዲያው ይነቃል?» አለኝ።

«ወዲያው አይነቃም» አልኩት። «ከደም ውስጥ ቶሎ ይወጣል፤ ሴሎቹ ውስጥ የገባው ግን ይቆያል። ቀስ በቀስ ነው የሚነቃው። ሳምንታት ይፈጃል።»

«ክረምቱን ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል መሰለኝ።»

«ጥሩ» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

እንደ ፈተና ጥያቄ ነው የመለስኩለት። ጥያቄው ከወትሮው ሁሉ የረቀቀ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር። ቤት ስንደርስ አባቴ ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹን ይበልጣል ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ሐምሌ ዝናብ ብቻ ነበር። በዝናብ ምክንያት ለደም ምርመራ የምንሄድበት ቀን ተላለፈ፤ አባቴ ሌላ ቀን እንሄዳለን አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሃ በብርጭቆ ይዞ ጓዳ ይገባል፤ ብርጭቆውን ባዶ አድርጎ ይወጣል። ሰኞ ምሳውን በደንብ ይበላል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው ብዬ ደስ አለኝ። ነሐሴ ላይ ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመረ፤ ብርድ ነው፣ ሁሉም ለብሷል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት። አንድ ደንበኛ ከዝናቡ ሮጦ በረንዳው ላይ ወጣና እጁን ዘረጋለት። አባቴ ጡጫውን ጨብጦ አንጓውን ሰጠው።

መኪና እያለፈ ስለነበር መሻገር አልቻልኩም። ባልሻገር ብዬ የተመኘሁም ይመስለኛል። ስደርስ ደንበኛው ሄዶ ነበር። አባቴ እጆቹን ከጨርቁ ሥር ደበቀ፤ ከዚያ ተወውና አወጣቸው። በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ቀዩ ተመልሷል፤ በቀኝ መዳፉ ላይ የሻማ ጠብታ የመሰለው ተነጥፏል።

«መቼ ነው ያቆምከው?»

«ዝናቡ ሲገባ።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ትከለክይኝ ነበራ» አለ። መኪናውን በላስቲክ መሸፈን ጀመረ፤ ላስቲኩ ንፋስ እየገባበት አስቸገረውና እኔ ጫፉን ያዝኩለት። «በደንብ አስቤበት ነው። ክረምቱ ይበቃዋል ብለሽኝ የለ? ዘበኛው ለመስከረም ይነቃልኛል። ሰው ፊት አንዲት ቁራጭ እበላለሁ። በማግሥቱ ክኒኔን እቀጥላለሁ። ማንንም አልጎዳ፣ ራሴንም አልጎዳ።»

«ቆዳህስ?»

«ቆዳዬማ ድኖ ነበር እኮ!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ግርምት ነበር። «ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ እግሩ እንደገና ቢረግጥ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

የነገርኩትን ሁሉ ይዞ ነበር። ያልነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱም ለእኔ በጣም ግልጽ ስለሆነ የሚነገር አልመሰለኝም። ለሥጋው ጀርም የሚነቃው ዘበኛና በቆዳው ላይ በከንቱ የሚጮኸው አንድ ወገን ናቸው፤ መልእክቱም አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ቀስቅሶ ሌላውን ማስተኛት አይቻልም። ቆዳውም ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ አልነበረም፤ እግሩ በየሳምንቱ ስለሚያዝ ብቻ ጸጥ ያለ መኪና ነበር። ይህን እዚያው ላስቲኩን እንደያዝን ነገርኩት። አዳመጠኝ።

«ገባኝ» አለ። አልወቀሰኝም። «አሁን ገባኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ደሙን አስመርምራ መድኃኒቱን ያን ሳምንት አስጀመረችው፤ ለእጁም የሚቀባ ቅባት ሰጠችው። ለጊፋታ ይደርስልኝ ይሆን ብሎ ሲጠይቃት ግን ራሷን ነቀነቀች። «ሲመጣ ቶሎ ነው፤ ሲሄድ ቀስ ብሎ ነው አባቴ። ወራት ሊፈልግ ይችላል።» ሙሽራው በዚያው ወር ለሚዜዎቹ ሊያሰፋ የነበረውን ጥቁር ሱፍ አላመጣም።

በሬው ከቤሌ ከተማ በኩል መጣ፤ ትልቅና ቀይ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሄደው አዩት። ለሰብሳቢው ማንም ምንም አልነገረውም። አባቴ እስከ መጨረሻው ቀን ራሱ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ዋዜማውን በሞረድ ቢላዋውን ሲስል ዋለ። ጠዋት ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፤ ቅባቱን ተቀባ፤ ጫማውን አሰረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና እጆቹን በብርሃኑ ገልብጦ አያቸው። ከዚያ ጥቅሉን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ አድርሺልኝ። በዱልዱም ቢላዋ እንዳይቆርጡ።»

ወደዚያ ግቢ በሕይወቴ ገብቼ አላውቅም፤ የወንዶች ቦታ ነው። ስገባ በሬው ተገፎ አልቋል፤ እንሰት ቅጠሉ ተነጥፏል፤ ሰዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ዮዮ ጊፋታ፣ ተማሪዋ!» ሲል በበዓሉ ሰላምታ ተቀበለኝ ሰብሳቢው። «ቆራጫችንስ? ሱፍ እየለበሰ ነው?»

«እሱ ልኮኝ ነው ጋሼ።» ጥቅሉን ሰጠሁት። «አይመጣም።»

«አሞት ነው?»

አዎ ብዬ መሄድ እችል ነበር። እግሬም ዞሮ ነበር። ግን አሞታል ካልኩ በሚቀጥለው ዓመትም ያው «አረፍ በል» ይመጣል።

«እጁ ተመልሶበታል» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ስለነበር ሰዎቹ ተጠጉ። «መድኃኒቱን አቁሞ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ጥሬ ሥጋ አይሆንም ስለተባለ ነው ያቆመው። ከእናንተ ጋር ለመቅመስ ብሎ።»

«ለአንዲት ቁራጭ ሥጋ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ መሃል ላይ ጠፋ።

«ዝም በል አንተ!» ሰብሳቢው ቢላዋውን ከጨርቁ አወጣ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። «ቢነግረኝ ኖሮ እኔ እቀምስለት ነበር እኮ። ምን ችግር አለው? እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እቀምሳለሁ።»

በእርግጥ እንዲህ ያደርጉ ነበር ወይስ አሁን ስለሆነ ለማለት ቀሎ ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ እጁ ሲሉ ቢላዋውን ያስተዉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ይህን ያለው ሰው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቢላዋውን ለወጣቱ ቆራጭ ሰጠው። ወጣቱ ከሽንጡ አንዲት ቁራጭ አወጣ። ሰብሳቢው በእንሰት ቅጠል ጠቀለላትና ለእኔ ሰጠኝ።

«ሂጂ። እሱ ሳይቀምስ አንጀምርም በይው። ቶሎ በይ እንጂ፣ ርቦናል!»

በግቢው በር ወጥቼ ሮጥኩ። አባቴ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተባልኩትን ነገርኩት። ቅጠሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገለጠው። ሥጋው ገና ትኩስ ነበር፤ ዳር ዳሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ አየው፤ እኔም እሱን አየሁት። መድኃኒቱን ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል። በልቶት ቢሆን አንድም ቃል አይወጣኝም ነበር፤ አሁንም ሳስበው እርግጠኛ ነኝ።

«ጥበሺው» አላት እናቴን።

እናቴ ሮጣ ምጣዱን ጣደች። ለትንሽ ቁራጭ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። አባቴ ዳጣውን አስነክቶ ጎረሰ፤ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ዋጠ። «ቀምሷል በያቸው።»

ተመልሼ ስነግራቸው አንዱ «በጥሬው?» አለ። «ጠብሶ» አልኩ። «ጠብሶ መቅመስ! ይህንንም አየን!» ብሎ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን «እሱ ከቀመሰ ጥብሱም ጥሬውም ያው ነው፤ ብሉ!» ብሎ ጮኸ። ጫጫታው ተጀመረ። እስከ ቤታችን ተከተለኝ፤ ደጃፋችን ላይም ይሰማ ነበር። አባቴ የዳጣውን ቅሪት በጣቱ እየጠረገ ያዳምጥ ነበር።

«እንግዲያው» አለ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያያቸው፣ «ጠብሼም መቅመስ እችል ነበር ማለት ነው።»

እናቴ ባዶውን ቅጠል አንስታ ገባች።

አሁን ክኒኑን እሑድ እሑድ እኔ ፊት ነው የሚውጠው። እጁ እየተሻለው ነው፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ግን አልጠራም፤ ሐኪሟ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል፣ እንታገስ ትላለች። ቢላዋው ወጣቱ ጋ ነው። ሰብሳቢው ሊመልስለት ሲመጣ አባቴ «ይያዘው፣ ይልመድበት» አለው።

ሰኞ ሰኞ አሁንም በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ መርፌ ክር አስገባለታለሁ። ስለ ዘበኞቹ አይጠይቀኝም። አንዳንዴ ራሴ እጀምራለሁ፣ እንዲህ የሚባል ነገር አነበብኩ እላለሁ፤ በትሕትና ያዳምጠኝና «ጎሽ» ይላል፤ ወደ ስፌት ግን አይለውጠውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ጥቁር ሱፍ በክንዱ አንጠልጥሎ በረንዳው ሥር ቆመ። ገና ምንም ሳይናገር አባቴ በጠመኔው ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተውና «እዚያ ያለው ሰው ጥቁር ጥሩ አድርጎ ይሰፋል» አለው።